የቤተ ጊዮርጊስ የአለት መስቀል

በላሊበላ ከተማ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚሄድ እንግዳ ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ አያየውም፤ ጣሪያው ከአካባቢው መሬት ጋር እኩል ነው። አፋፉ ላይ ሲደርስ ግን ከእግሩ ሥር ክንዶቹ እኩል የሆኑ ግዙፍ የድንጋይ መስቀል ተዘርግቶ ያገኛል። በላዩም አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች ጎላ ብለው ተቀርጸዋል።

የአየርላንድ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀሎችም ሆኑ ኻችካር የሚባሉት የአርመን ባለ መስቀል ድንጋዮች በአብዛኛው ተጠርበው የተተከሉ ናቸው። ይህኛውን ግን የተከለው የለም። ጠራቢዎቹ ቀዩን አለት ዙሪያውን ቆፍረው መካከሉን ለብቻው አስቀሩት፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል እየጠረቡ ወረዱ፤ ውስጡንም ፈለፈሉት። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ በጣሪያ ይጨርሳል፤ እዚህ ግን መጀመሪያ መልክ የያዘው ጣሪያው ነው። የክንዶቹ ልክ ገና ከጅምሩ መታወቅ ነበረበት፤ አንዴ የተፈለጠ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍማ!

የክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከጣሪያው ጠርዝ የድንጋይ አሽንዳዎች ወጥተዋል። ከታች ያሉት 9 መስኮቶች ቅርጻቸው ብቻ የወጣ ድፍን ናቸው፤ ማዕዘናቸው ላይ እንደ አክሱም ሐውልቶች የወጡ ጉጦች አሏቸው። የላይኞቹ 12 ክፍት ሲሆኑ አናታቸው ሾጠጥ ብሎ በሐረግ አጊጧል።

ትውፊቱ ሥራውን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጠዋል። ሌሎቹን የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ካሠራ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ መጥቶ «ለእኔስ?» ብሎ ቢወቅሰው ንጉሡ ከሁሉ ያማረውን አሠራለት ይባላል፤ የፈረሱ ኮቴ ያረፈበት ነው የሚባል ድንጋይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚያምነው እንዳያጣ ሰግቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አጽንቷል።

11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከ30 ዓመት በኋላ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ዝናብ እንዳይጎዳቸው ትልልቅ መጠለያ ሲደረግላቸው ቤተ ጊዮርጊስ ሳይሸፈን ቀረ። ስለዚህ መስቀሉ ዛሬም ከአፋፉ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ጎብኚ ወደ ቦዩ ከመውረዱ በፊት እዚያው ቆሞ ይየው፤ ከወረደ በኋላ የሚያገኘው ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ ነው።