ስለ አኒሜ አከፋፋዮች፤ ከቪዲዮ ካሴት እስከ ኢንተርኔት

በጃፓን አገር በሥዕል የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ፊልም፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ አኒሜ ተብሎ የሚጠራው፣ ወደ ቴሌቪዥን ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በቴሌቪዥን ገቢ ብቻ ሊተዳደር ያልቻለ ጥበብ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን በ1963 ባቀረበ ጊዜ እያንዳንዱን ክፍል ከወጪው ባነሰ ዋጋ ለጣቢያው እንደ ሰጠ፣ ጉድለቱንም በአሻንጉሊት፣ በንግድ ምልክትና ከውጭ አገር በሚገኝ ሽያጭ ሊሞላ እንደ ተገደደ የታወቀ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ፈለግ ተከተሉ። እንግዲህ የዚህን ንግድ ነገር ለመመርመር የሚሻ ሰው ከሥዕሉ ውበትና ከታሪኩ ምሥጢር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ፊልሙ አንድ ጊዜ በአየር ላይ ካለፈ በኋላ በምን ዕቃ ላይ ተቀርጾ ለማን እንደ ተሸጠ፣ ገዢውም ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ ምን እንደ ቀረለት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲም በ1976 ቪኤችኤስን እስካወጡ ድረስ በቴሌቪዥን የታየ ፊልም፣ ጣቢያው ደግሞ ካላሳየው በቀር፣ በተመልካቹ ኅሊና እንጂ በቤቱ አይኖርም ነበር። በ1983 መጨረሻ ማሞሩ ኦሺና መምህሩ ሂሳዩኪ ቶሪዩሚ ያዘጋጁት «ዳሎስ» የተባለው ሥራ ለቴሌቪዥንም ለሲኒማ ቤትም ሳይሆን በቀጥታ ለካሴት ተብሎ ወጣ፤ ኦቪኤ የሚባለውም ወገን ከዚህ ተወለደ። ቀድሞ የአኒሜ ጌታ አሻንጉሊት ሻጩ ነበርና ልጆች የሚወዱት ሮቦት በየሳምንቱ ብቅ እንዲል ያዝዝ ነበር፤ ካሴቱ ከመጣ ወዲህ ግን ተመልካቹ ራሱ ከፋይ ሆነ። ገዢውም ልጅ ሳይሆን ደመወዝተኛ ጐልማሳ፣ ወይም ካሴት እያከራየ የሚተዳደር ነጋዴ ስለ ነበረ ዋጋው ከፍ ሲል አልሸሸም፤ ደራሲውም የሠላሳ ደቂቃ ልክና የማስታወቂያ ዕረፍት ሳይጠብቅ፣ ሕፃናትን የማይመለከት ነገር ሳይቀር እንደ ልቡ ይጽፍ ጀመር። ብዙዎች የዚህ ንግድ ታላቅ መለወጥ በኢንተርኔት የመጣ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የ1983ቱን አስበልጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይህ ገዢ ወዴት እንደ ሄደና ሻጮቹ እንዴት እንደ ተከተሉት የሚያወሳ ነውና።

ወደ አሜሪካ የተሻገረው ነገር በመጀመሪያ ንግድ አልነበረም። በ1977 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው የወዳጆች ማኅበር አባላትና እነርሱን የመሰሉ ሌሎች ከጃፓን የሚላክላቸውን ካሴት በየስብሰባው ያሳዩ ነበር፤ ለዚህም ሁለቱ አገሮች በአንድ ዐይነት የቴሌቪዥን ሥርዐት መጠቀማቸው፣ የቶኪዮው ካሴት በካሊፎርኒያው ማጫወቻ ያለ ችግር መታየቱ፣ እንደ በጎ አጋጣሚ የሚቈጠር ነው። ቋንቋው ግን እንቅፋት ስለ ሆነ ጃፓንኛ የሚያውቁት ተርጕመው፣ አሚጋ በተባለው ኮምፒዩተር የእንግሊዝኛውን ፊደል በሥዕሉ ግርጌ እየጣሉ ዋናውን ቅጂ ያዘጋጃሉ፤ ፈላጊውም ባዶ ካሴትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ይልክላቸዋል፤ ከቅጂው ቅጂ፣ ከዚያም ሌላ ቅጂ ሲወጣ ቀለሙ እየፈዘዘ፣ ፊደሉም እየተድበሰበሰ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እጅ የደረሰው ሰው ከማየት ይልቅ መገመት ይቀናው ነበር። በመካከላቸውም አንድ ያልተጻፈ ቀኖና ነበራቸው፤ ፊልሙን አንድ ኩባንያ በሕግ ከገዛው ማባዛቱን ያቆማሉ። ሰው ናቸውና ቀኖናውን ሁልጊዜ አልጠበቁት ይሆናል፤ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ሕጋውያን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከእነዚሁ ምእመናን መካከል የወጡ ናቸው። በ1988 አኒምኤይጎና ስትሪምላይን፣ በ1990 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሚዲያ፣ በ1992 በሂዩስተን ኤዲቪ ሥራ ጀመሩ፤ በእንግሊዝ አገርም ማንጋ ኢንተርቴይንመንት «አኪራ»ን ይዞ ተነሣ፤ ይኸው ኩባንያ ያወጣው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» በ1996 በቢልቦርድ የቪዲዮ ሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

ካሴት ግን ለአኒሜ አከፋፋይ ክፉ ዕቃ ነበር። አንዱ ወገን ተዋናዮቹ በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ ይፈልጋል፤ ሌላው የጃፓኑን ድምፅ ሰምቶ በግርጌ ያለውን ጽሑፍ ካላነበበ ፊልሙን እንዳላየው ይቈጥረዋል፤ ክርክሩም የሃይማኖት ክርክር ያህል የከረረ ነበር። በአንድ ካሴት ሁለቱን ማኖር ስለማይቻል ኩባንያው አንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ አትሞ፣ ሁለት ዐይነት ሣጥን በመደርደሪያ አሰልፎ፣ ጥቂት የሚሸጠውን ባለ ጽሑፉን በውድ ዋጋ ያቀርብ ነበር። ሃያ ስድስት ክፍል ያለው «ኢቫንጌሊዮን» ሁለት ሁለት ክፍል እየተካፈለ በዐሥራ ሦስት ካሴት ወጣ፤ ታሪኩን ለመጨረስ የፈለገ ተማሪ የስንት ወር የኪስ ገንዘቡን እንደ ሰጠ አንባቢው ያስላው።

ዲቪዲ በ1997 አሜሪካ ሲገባ ያን ክርክር በአንድ ቀን ሻረው፤ ሁለቱም ድምፅና የግርጌው ጽሑፍ በአንድ ዲስክ ተቀመጡ፤ ገዢውም በርቀት መቈጣጠሪያው የወደደውን መረጠ። አከፋፋዮቹም ዲስኩ ለጭነት የቀለለና ቦታ የማይፈጅ ስለ ሆነላቸው በታላላቅ መደብሮች ሰፊ መደርደሪያ አገኙ፤ ትርፉ ሲታይ ፉክክር መጣ፤ ፉክክሩም ከጃፓን የሚገዛውን የማከፋፈያ ፈቃድ ዋጋ ሰቀለው፤ የጃፓን ባለመብቶችም ሥራው ገና ሳያልቅ በተስፋ ብቻ ይሸጡላቸው ጀመር። ማንም ያየው ሰው ይህ እንደማይዘልቅ ሊያውቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በጥጋብ ዘመን የሚቈጥር የለም። በ2006 መጀመሪያ ቪዲዮ ይሸጡ የነበሩት የሰንኮስት መደብሮች ባለቤት የነበረው ሚውዚክላንድ ከሰረ፤ በ2007 ጄነዮን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ የነበረውን ማከፋፈያ ዘጋ፤ በ2009 ሴንትራል ፓርክ ሚዲያና ኤዲቪ ከገበያው ወጡ፤ በ2012 ሌላው አከፋፋይ ባንዳይ ኢንተርቴይንመንት አዲስ ሥራ ማውጣት አቆመ።

ለዚህ ውድቀት ሁሉም ኢንተርኔትን ከሰሰ፤ ክሱም በከፊል እውነት ነው። ፋይል መለዋወጫው ቢትቶረንት በ2001 ከተፈጠረ በኋላ የቀድሞዎቹ የፖስታ ተርጓሚዎች ልጆች ማታ በቶኪዮ የታየውን ክፍል በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ተርጕመው ለዓለም ይለቁት ነበር፤ ሕጋዊው ዲስክ ግን ከዓመት፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል። አከፋፋዮቹ ያገኙት የመጀመሪያ መልስ ፋይሉን መሸጥ ነበር፤ ቪዝ የተባለው አከፋፋይ በ2007 «ዴዝ ኖት»ን፣ በጃፓን ስርጭቱ ገና ሳያልቅ፣ ዳውንሎድ አድርጎ ለሚገዛ አቀረበ፤ የአፕሉ አይቱንስም ሌሎች ሥራዎችን ይሸጥ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አንድ ነውር ነበረበት፤ የተገዛው ፋይል በቁልፍ ታስሮ በተፈቀደለት መሣሪያ ብቻ ሲከፈት፣ በነጻ የተገኘው ግን በማንኛውም ኮምፒዩተር ይከፈታል፣ ይገለበጣል፣ ለወዳጅ ይሰጣል። እንግዲህ ከፋዩ ካልከፈለው ያነሰ መብት ይዞ የሚቀርበት ገበያ ለምን እንዳልሰፋ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መልስ ፋይሉን ትቶ ፍጥነቱን መሸጥ ነበር። በ2008 ጎንዞ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ ሁለት ሥራዎቹን በአገሩ ስርጭት በጀመረበት ሰሞን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር በኢንተርኔት አሳየ። በ2006 በካሊፎርኒያ ተማሪዎች የተመሠረተው፣ ተጠቃሚዎቹ ያለ ፈቃድ በሚጭኑት ቪዲዮ ያደገው ክራንቺሮልም በጥር 2009 ከቲቪ ቶኪዮ ጋር ተዋውሎ፣ ፈቃድ የሌለውን ሁሉ አውጥቶ ጣለና «ናሩቶ ሺፑደን»ን ለከፋይ አባላቱ በጃፓን ከታየ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ለማይከፍለው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ማቅረብ ጀመረ። ይህ እንዲሆን የድርሰቱ ጽሑፍና ምስሉ ከስርጭቱ ቀድሞ በተርጓሚው እጅ መግባት ነበረበት፤ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሰዓት በምሥጢር የሚይዘው የጃፓን የአዘጋጆች ጉባኤ፣ ማለት ጣቢያው፣ አሳታሚው፣ የመጫወቻ ኩባንያውና የዲስክ ሻጩ ገንዘብ አዋጥተው የሚያቆሙት ማኅበር፣ ለዚህ መስማማቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ዲስክ ሻጩ በዚያ ጉባኤ የነበረው ሥልጣን ከዚያ ወዲህ እየተቀነሰ ሄዷል።

የጃፓን ዲስክ ሻጮች ሌላም ጭንቀት ነበራቸው። በአገራቸው ሁለት ክፍል የያዘ አንድ ዲስክ በስድስትና በሰባት ሺህ የን ይሸጥ ነበር፤ አሜሪካዊው ግን ሙሉውን ተከታታይ ከዚያ ብዙ በማይርቅ ዋጋ ያገኝ ነበር። ዲቪዲ ሁለቱን አገሮች በተለያየ የክልል ቍጥር ስለ ለያቸው ግድ አልነበረም፤ በ2006 የመጣው ብሉሬይ ግን በአንድ ክልል አስቀመጣቸውና ቶኪዮ ያለው ገዢ ርካሹን ከአሜሪካ እንዳያስመጣ ሲሉ የውጭውን ኅትመት ማዘግየት፣ የግርጌውንም ጽሑፍ እንዳይጠፋ አድርጎ ማሰር የመሰለውን ብልሃት ሁሉ ሞከሩ።

ኔትፍሊክስ ወደዚህ ገበያ ከገባ ወዲህ የሆነውን እዚህ ማተቱ ነገሩን ያስረዝማል፤ የአንድን ተከታታይ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቀን የመልቀቅ ልማዱ ሳምንታዊውን ጥበቃ የሚወዱትን እንዳስቀየማቸው ብቻ ልብ ይሏል። ሶኒ በ2017 ፈኒሜሽን የተባለውን የአሜሪካ አኒሜ አከፋፋይ፣ በ2021 ክራንቺሮልን በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ሁለቱን አንድ ካደረገ በኋላም በሚያዝያ 2024 የፈኒሜሽንን አገልግሎት ዘጋ። በዚያ ጊዜ ዲስክ ገዝተው በሣጥኑ ውስጥ ያገኙትን ኮድ በመመዝገብ በኢንተርኔት ቅጂ ይዘው የነበሩ ሰዎች፣ ቅጂው ወደ አዲሱ አገልግሎት እንደማይሻገር ተነገራቸው። ዲስኩን ያልጣለ ዲስኩ ቀረለት፤ ቅጂውን አምኖ ዲስኩን የሸጠ ግን ሁለቱንም አጣ። ለዚህ ነገር ሕጉ የሚለው ብዙ ነው፤ የተራው ገዢ አስተሳሰብ ግን «ገዛሁ» ያለውን ነገር በፈቃድ ብቻ እንደ ተዋሰው ለመቀበል እስከ ዛሬ ይቸገራል።

ዲስኩ ራሱ ግን አልሞተም፤ ገዢው ጥቂት ሆነ እንጂ። በ2005 የተመሠረተው ዲስኮቴክ ሚዲያ ታላላቆቹ የማይነኩትን የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን ሥራ እየገዛ፣ ረጃጅሞቹን ተከታታዮች በአሮጌው የምስል ጥራት ብዙ ክፍል በአንድ ብሉሬይ እያጨቀ ያወጣል፤ አኒምኤይጎም በ2013 «በብልገም ክራይሲስ»ን በብሉሬይ ለማሳተም ገንዘቡን አስቀድሞ ከወዳጆቹ ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ መድረክ ሰበሰበ፤ ገዢዎቹም ዲስኩ ገና ሳይታተም ከፍለው ጠበቁ።