የሮኬት አምሳያ እንዴት ይሠራል?

ሮኬት የሚባል ነገር አለ። ስሙን በሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣች። ስሟ ኢቲአርኤስኤስ 1 ይባላል። የወጣችው ግን በራሷ ጉልበት አይደለም፤ ሮኬት ተሸክሟት ነው። ሮኬቱ የተተኮሰው ቻይና አገር፣ ታይዩዋን ከሚባል ጣቢያ ነው። ስሙም ሎንግ ማርች 4ቢ ነው፤ ባማርኛ “ረጅም ጉዞ” እንደ ማለት ነው።

ሳተላይቷ መሬትን ከላይ ሆና ፎቶ እንድታነሣ የተሠራች ናት። የእርሻው፣ የደኑና የውሃው ሁኔታ ከፎቶው ይጠናል። ለሁለት ዓመት እንድታገለግል ታስቦ ነበር የተሠራችው። የሳተላይቷን ነገር እዚህ ላይ እንተወው። የዛሬው ነገራችን ስለ ተሸካሚው ነው። እሱንም በትንሹ ሠርተን እናየዋለን።

ትልቁን ነገር በትንሹ ሠርቶ ማየት አዲስ ብልኃት አይደለም። ልጆቻችሁ ከጭቃ በሬ ይሠሩ የለ? የጭቃው በሬ ቀንድ አለው፣ ሻኛ አለው፣ እግር አለው። ነገር ግን አንዳንዴ ቀንዱ ከእግሩ ይረዝማል። ለጨዋታ ምንም አይደለም። አምሳያ የሚባለው ግን ልኩን የጠበቀ ነው። የእውነተኛው በሬ ቀንድ የእግሩን ግማሽ ካከለ፣ የአምሳያውም ቀንድ የእግሩን ግማሽ ማከል አለበት።

ልኩ እንዴት ይጠበቃል?

ሎንግ ማርች 4ቢ ቁመቱ ወደ 45 ሜትር ነው። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከ35 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑን በቁጥር ትምህርት አይታችኋል። እንግዲህ እያንዳንዱን ሜትር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር እንመልሰው። 45 ሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ውፍረቱም ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ይህ ልክ “አንድ ለመቶ” ይባላል፤ ሲጻፍ 1፡100 ነው። በዚህ ልክ ሰው ቢሠራ ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

ልክ እንደ ዕቃው ይመረጣል። እዚሁ ክልላችን ውስጥ፣ ጉባ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ነው። በ1፡100 እንሥራው ብንል አምሳያው ወደ 18 ሜትር ይረዝማል። የትኛው ጎጆ ይችለዋል? ለሱ 1፡1,000 ይሻላል።

አሁን ክብደቱን እንይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እውነተኛው ሮኬት ነዳጁን እንደ ሞላ ወደ 249 ቶን ይመዝናል። 2,490 ኩንታል መሆኑ ነው። አምሳያው መቶ ጊዜ ስለሚያንስ 2 ቶን ተኩል የሚመዝን ይመስላችኋል? አይደለም። ጎተራ አስቡ። ጎተራውን በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በከፍታውም በግማሽ ብትቀንሱት የሚይዘው እህል በግማሽ አይቀንስም። ግማሽ የግማሽ ግማሽ ይሆናል። 80 ኩንታል የሚይዘው 10 ኩንታል ብቻ ይይዛል። የሮኬቱም አምሳያ በሦስቱም በኩል መቶ መቶ ጊዜ ስለሚያንስ ክብደቱ ሚሊዮን ጊዜ ይቀንሳል። 249 ቶኑ 249 ግራም ይሆናል፤ ሩብ ኪሎ በሉት።

ሳተላይቷስ? እሷ ወደ 70 ኪሎ ነበር የምትመዝነው። አንድ ኩንታል ማሽላ እንኳ አታክልም። አብራት 17 ኩንታል ያህል የምትመዝን የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ተጭና ነበር። በአምሳያው ሚዛን የኛዋ የሁለት ፍሬ ስንዴ ክብደት ብቻ ይኖራታል። ሁለት ፍሬ ስንዴ ለማድረስ ሩብ ኪሎ! የቀረው አብዛኛው ነዳጅ ነው። ሰማይ መውጣት ውድ የሆነው ስለዚህ ነው።

ሮኬት በምን ይወጣል?

ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ያውቀዋል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሰደፉ ትከሻን ወደ ኋላ ይመታል። ሮኬትም እንዲሁ ነው። ነዳጁ ነዶ ትኩስ ጋዝ ይሆንና በታች በኩል በኃይል ይወጣል፤ ሮኬቱ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ሮኬት አየሩን ተመርኩዞ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አየር ከሌለበት ሰማይ ባልደረሰም ነበር። የሚገፋው የራሱን ጋዝ ነው።

ሎንግ ማርች 4ቢ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ነዳጁን ሲጨርስ ተላቆ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ይቀጥላል፤ ከዚያም ሦስተኛው። ሦስት እንስራ ውሃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ባዶውን እንስራ ለምን ይሸከማል? ሦስተኛው ክፍል ቀጠን ይላል፤ 2 ሜትር ከ90 ነው። በአምሳያው ላይም 2 ሴንቲ ሜትር ከ9 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን የዘለለ ሰው ልኩን አልጠበቀም።

በካርቶን የሚመጣው ዕቃ

በውጭ አገር የሮኬት አምሳያ ተቆራርጦ፣ ተዘጋጅቶ በካርቶን ይሸጣል። ኪት ይሉታል። በእኛ ገበያ የተለመደ ዕቃ አይደለም፤ በትምህርት ቤት ወይም ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ እጅ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በካርቶኑ ውስጥ የወረቀት ቱቦ አለ። ሹል አፍንጫ አለ። ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት የተቆረጡ ሦስት ወይም አራት ክንፎች አሉ። ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ጋር የሚታሰር ትንሽ ፓራሹት፣ ቀሰም የመሰለች ቀጭን ቱቦ አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ወረቀት አለ። ሥራው በቁጥር፣ በተራ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ይሠራዋል፤ የማይችል ግን ጉልበት ቢኖረው፣ እጁም ቢሠለጥን አፍንጫውን ያጣብቅና ፓራሹቱ እንዴት ይውጣ ብሎ ይቸገራል። አፍንጫው በኮላ አይጣበቅምና! ተፈናጥሮ መከፈት አለበት።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ከዚያ በኋላ ነው ኮላ የሚከፈተው።

ክንፎቹ ሲጣበቁ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የእንጨቱ ጭረት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ጭረቱ ከቱቦው ጋር እኩል ከሄደ ክንፉ ገና ሲነካ ይሰበራል። መጥረቢያ እጀታ የሚጠርብ ሰው ይህን እኔ ልነግረው አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ክንፎቹ እኩል ተራርቀው ቀጥ ብለው ይቁሙ። አንዱ ከተጣመመ ሮኬቱ ይሽከረከራል። ኮላው ሲደርቅ በክንፉና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ሌላ ኮላ በጣት ይሳባል። ይህ ግድግዳ ከመሬት በሚገናኝበት ላይ ጭቃ እንደ መምረግ ነው፤ ያጠነክራል።

ቀለም መቀባት

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ መቀባቱ ከመሥራቱ ይከብዳል። ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ብዙው አምሳያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ባልሳ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው። ቀለም ቢቀቡት ይጠጣና ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳውን ለመድፈን ቀጠን ያለ ስቱኮ ይቀባል። ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። እንደገና ይቀባል፤ እንደገና ይታሻል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በኋላ እንጨቱ እንጨት መምሰሉን ይተዋል። ቱቦው ላይም ወረቀቱ የተጠመጠመበት መስመር እንደ ጠባሳ ይታያል፤ እሱም በስቱኮ ይሞላል።

ከዚያ በኋላ መሠረት የሚሆን ነጭ ቀለም ይቀባል። ነጩ ሲቀባ ያልታየው ጭረት ሁሉ ወጥቶ ይታያል። አትናደዱ፤ የነጩ ጥቅሙ ይህ ነው። የታየውን አሽታችሁ ድገሙት። ቀለሙ ስስ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይቀባ እንጂ አንድ ጊዜ ወፍሮ አይቀባ። የወፈረ ቀለም እንደ ሻማ ይወርዳል። በሁለት ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ነጣ ያለው፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለው ይቀባል፤ ጥቁሩን በነጭ መሸፈን ያስቸግራል። የሁለቱ ወሰን ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍበታል።

አሶሳ ላይ ይህን ሥራ ክረምት ላይ አለመጀመር ይሻላል። አየሩ እርጥብ ሲሆን የሚነፋ ቀለም ይደበዝዛል፤ ኮላም ቶሎ አይደርቅም። በጋ ላይ ደግሞ አቧራውና ንፋሱ አለ። ማለዳ ንፋስ ሳይነሣ፣ ጥላ ሥር መቀባት ነው።

ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይ?

ቀስት የሚያውቅ ሰው ፍላጻን ያውቃል። ብረቱ ከፊት ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል። በብዙ አገርም ከኋላው ላባ ይታሰርበታል፤ ንፋሱ ላባውን ይዞ ጅራቱን ወደ ኋላ ያደርገዋል። የአምሳያውም ክንፎች ላባ ናቸው። ትልልቆቹ ሮኬቶች በአብዛኛው ይህን አይፈልጉም፤ እሳት የሚተፋውን አፋቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ራሳቸውን ያቃናሉ። ትንሹ አምሳያ ይህ ብልኃት የለውም። ስለዚህ ክንፍ የሌለውን ሮኬት አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች መልኩ እንዳይበላሽ ብለው እንደ መስታወት የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክንፍ ያደርጉለታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አምሳያው ለመተኮስ እንደ ተዘጋጀ ሆኖ ሚዛኑ በሚጠብቅበት ቦታ በክር ይታሰራል። ከዚያም እንደ ወንጭፍ ከራስ በላይ ይዞራል። አፍንጫው ወደ ፊት ከሄደ ደህና ነው። ከተገለባበጠ አይተኮስም፤ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ክብደት ይጨመርበታል።

ስለ ባሩዱ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። አባቶችና እናቶች፣ ይህን ክፍል ለልጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የምትባለውን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሰማይ ላከች። በዚያን ጊዜ አሜሪካ አገር ብዙ ወጣቶች ሮኬት እንሥራ ብለው ተነሡ። ባሩዱን በየቤታቸው ቀመሙ፤ በብረት ቧንቧ ጠቀጠቁት። ጣቱን ያጣ አለ፤ ዓይኑን ያጣ አለ፤ የሞተም አለ። በዚህ ጊዜ ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ነጋዴና ሃሪ ስታይን የሚባል የሮኬት ባለሙያ ተገናኝተው ሌላ መንገድ አበጁ። ሮኬቱ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ብቻ ይሁን፤ ባሩዱን ደግሞ ልጁ ፈጽሞ አይንካ፤ ፋብሪካ ሠርቶ፣ በወረቀት ቀፎ አሽጎ ይስጠው አሉ። ቨርነን ኤስቲስ የሚባል ሰው ቀፎውን የሚሠራ መኪና ሠራ። የዛሬው ኪት የመጣው ከዚያ ነው።

የታሸገው ቀፎ የሚነደው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ነው። አምሳያውን መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ያወጣዋል። ጥቂት ቆይቶ ትንሽ ፍንዳታ አፍንጫውን ይከፍታል፤ ፓራሹቱ ይዘረጋል። የሚለኮሰውም በክብሪት አይደለም። በባትሪና በሽቦ ነው፤ ለትንንሾቹ ሰው ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ይቆማል። ሣሩ በደረቀበት፣ ሽመሉ በከሰለበት ወቅት አይተኮስም፤ አንዲት ፍንጣሪ ጫካውን ትበቃዋለች።

“ታዲያ ባሩዱን እኛው ብናበጀውስ?” የሚል ልጅ አይጠፋም። ከወደቀ ጥይት ባሩድ ልፈልቅቅ የሚልም ይኖራል። መልሱ አይሆንም ነው። የወደቀ ጥይትና ቦምብ ያገኘ ሰው አይንካው፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለሚመለከተው ይንገር። ታይላንድና ላኦስ ውስጥ ገበሬዎች ከዘር በፊት ዝናብ ለመለመን የቀርከሃ ሮኬት የሚተኩሱበት በዓል አላቸው። የዘመናት ልማድ ነው፤ ሠሪዎቹም ከአባቶቻቸው የተማሩ ናቸው። ሆኖም እነሱም ዘንድ ሰው የሞተበት ጊዜ አለ።

ኪት ከሌለስ?

የማይተኮስ፣ ለማየት ብቻ የሚሆን አምሳያ እዚሁ ይሠራል። የእኛ ቆላ ሽመል አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ድፍን ነው፤ እንደ ደጋው ቀርከሃ ባዶ አይደለም። ከ3 ሴንቲ ሜትር ተኩል የማያንስ ውፍረት ያለውን ምረጡ። እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ሦስት ዓመት ያለፈው ሽመል ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ 45 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። አንጓው በቢላ ይስተካከል። ሦስተኛው ክፍል ቀጠን ተደርጎ ይፋቅ፤ ጫፉ ይሹል። የበርታ ሰዎች ዙምባራ ሲሠሩ የቅል ቁራጮችን አንዱን ባንዱ ውስጥ እየሰኩ እንደሚያስረዝሙት፣ ሦስቱን ክፍል ለየብቻ ሠርቶ መሰካካትም ይቻላል። እንዲያ ከሆነ የትኛው ቀድሞ እንደሚወድቅ ለልጆች እየነቀሉ ማሳየት ይመቻል።

ሽመል ለስላሳ ቆዳ ስላለው ቀለም አይዝም። ቆዳው መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ከዚያ ነጭ ይቀባ። ከጎኑ ቁመቱ፣ ውፍረቱና 1፡100 የሚለው ይጻፍበት። ብል እንዳይበላው ከሥሩም ከጫፉም በኩል ቀለሙ ይድፈነው። ምድጃ አጠገብ ሳይሆን፣ ጭስ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይቁም።