ሲሲው ብቻውን እንጨት አይቆርጥም

ሐዋሳ ላይ ጉልበተኛ የሞተር መጋዝ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀደም ሲል አንድ መጋዝ የነበረው ነው። ትንሹ መጋዝ ቀጫጭኑን ባሕር ዛፍ ሲጎምድለት ከርሟል፤ ወፍራም ጉቶ ወይም የቆየ ግራር ሲመጣ ግን መሐል ላይ እየቆመ አስቸግሮታል። ስለዚህ ሱቅ ገብቶ «ወንድሜ፣ ከዚህ ከፍ ያለ የለህም? ስንት ሲሲ ነው?» ይላል። ሻጩም ትልቁን ያወርድለታል። በኔ እምነት ለማገዶ ብቻ መጋዝ የሚገዛ ሰው የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ሲሲ አይደለም። የሚጎድለው ምን እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ቼንሶ የሚለው ይህ መጋዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር አለው። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠቀማል፤ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ነዳጅ ሲሰጠው ፍሪሲዮኑ ይይዝና ሰንሰለቱን ባር በሚባለው ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያ ያስሮጠዋል፤ ሙሉ ነዳጅ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጀርመናዊው አንድሬያስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አወጣ። በዚያን ዘመን የነበረው ሰንሰለት ግን ጥርሱ እንደ እጅ መጋዝ ስለነበር እንጨቱን ይፍቀው ነበር። ዛሬ የምናውቀው ጥርስ የመጣው በ1940ዎቹ ከአሜሪካ፣ ከኦሪገን ነው። ጆሴፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ የጥንዚዛ እጭ ግንድ ውስጥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየቦረቦረች ስትሄድ ተመልክቶ፣ አንዱ ጥርስ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ እየላጠ የሚሄድ ሰንሰለት ሠራ። መጋዝ እንጨትን ይልጣል እንጂ አይፍቅም፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ሲሲ የሲሊንደሩን ይዘት ይናገራል እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። የስቲል የድሮው 070 መጋዝ 106 ሲሲ ገደማ ሆኖ 4.8 ኪሎዋት ያወጣል፤ ከሱ በኋላ የመጣው 660 በ92 ሲሲ 5.2 ኪሎዋት ያወጣል። ስለዚህ ሻጩን ኪሎዋቱን ጠይቁት። አንዱ ኪሎዋት 1.36 የፈረስ ጉልበት ነው። ኪሎዋቱ በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ፣ ሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑት።

የኪሎዋቱም ቁጥር ቢሆን የሚሠራው ባሕር ወለል አጠገብ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በግርድፉ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ይጎድላል። 3.4 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛ መጋዝ ሐይቁ ዳር ሲደርስ 2.8 ገደማ ነው። ወደ ሐገረ ሰላም፣ ወደ 2,700 ሜትሩ ደጋ ይዛችሁት ብትወጡ ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። በዚያ ላይ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ መጋዙ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያንገራግራል። ባለቤቱ «ደከመ» ብሎ ሊሸጠው ያስባል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው በካርቡሬተሩ ብሎን ቤንዚኑን በትንሹ መቀነስ ነው። ጥንቃቄው በተቃራኒው ነው። ደጋ ላይ ቤንዚኑ የተቀነሰለትን መጋዝ ሳያስተካክሉ ወደ ቆላ ማውረድ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ የሞተር መቀየሪያ ወጪ ነው።

እንግዲህ ከፍታው ራሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መጋዝ መግዛትን ይደግፋል። አንድ ደረጃ ማለት ግን ሦስት ደረጃ ማለት አይደለም። ለቤቱና ለድግሱ ባሕር ዛፍ ለሚጎምድ ሰው ከ45 እስከ 50 ሲሲ፣ እንጨት ቆርጦ በጋሪ ለሚያስጭን ነጋዴ ወይም ለዳቦ ቤት ለሚያቀርብ ከ55 እስከ 65 ሲሲ ይበቃል። ከ70 ሲሲ በላይ ያለው ግንድን በቁመቱ ሰንጥቀው ጣውላ ለሚያወጡ ሰዎች ነው። እንጨትን በቁመቱ መቁረጥ አግድም ከመቁረጥ እጅግ የከበደ ሥራ ስለሆነ እነሱ ጉልበቱን ይፈልጉታል። ማገዶ ግን አግድም ተጎምዶ በፋስ የሚፈለጥ ነው። የ70 ሲሲ መጋዝ ያለ ባሩና ያለ ነዳጁ 6 ኪሎ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ክንድ ሲዝል አደጋው ያኔ ይመጣል።

ባሩም ጉልበት ይበላል። በ50 ሲሲ ሞተር ላይ ባለ 20 ኢንች ባር መግጠም ሞተሩን ያስጨንቀዋል፤ 15 ወይም 16 ኢንች ይበቃዋል። 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጉማጅ በ40 ሴንቲ ሜትር ባር ከሁለት ወገን ገብቶ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። መጋዝ በትክክል ሲቆርጥ ከባሩ ሥር የሚወጣው ወፈር ያለ፣ ጣት የሚይዘው ፍቅፋቂ ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ካወጣ ጥርሱ ዶልዱሟል፤ እንጨቱን እየፋቀው ነው። ያኔ ሰውየው መጋዙን ይጫነዋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባሩ ይግላል፣ ቁርጡም ይጣመማል። «ጉልበት የለውም» የሚባለው መጋዝ አብዛኛው ይሄ ነው። የሐዋሳ አፈር ደግሞ አሸዋና ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ብናኝ የበዛበት ስለሆነ ጥርስን በፍጥነት ይበላል። መሬት ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ሲጎመድ ባሩ አፈሩን አንዴ ከነካ ጠዋት የተሞረደው ሰንሰለት ያኔውኑ ዶለዶመ ማለት ነው። ሁለት ግንድ አግድሞ እንጨቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ መቁረጥ ከ10 ሲሲ ጭማሪ ይበልጣል።

አሞራረዱ እንዲህ ነው። ክብ ሞረድ ያስፈልጋል፤ ውፍረቱ እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት ይለያል፤ በመካከለኛ መጋዞች ላይ የተለመደው ባለ 0.325 ኢንች ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር ሞረድ ይወስዳል። በ30 ዲግሪ ገደማ ጋደም አድርጎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እየገፉ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር መግፋት ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ከበለጠ መጋዙ ቀጥ ብሎ መቁረጥ ይተዋል። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። ቶሎ እንዲበላ ብለው ከዚያ በላይ የሚሞርዷት አሉ፤ ሰንሰለቱ ያን ጊዜ እየነከሰ ይዘላል።

መዝለል ካልኩ ስለ ባሩ አፍንጫ ልናገር። የአፍንጫው የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ቆራጩ ፊት ይመለሳል። የሰንሰለት ፍሬን የሌለውን መጋዝ በርካሽም አትግዙ። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ የጆሮ መከላከያ፣ ለዓይን መነጽር፣ ለእግር ጠንካራ ቦት ጫማ ከመጋዙ ጋር የሚገዙ ናቸው።

ነዳጁ ላይ ብዙም መቆየት አያስፈልግም። 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ ሊትር ጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት ከመመሪያው ጋር አመሳክሮ ማድረግ ነው። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያፈሱ ግን ባሩንም የዘይት ፓምፑንም ይጨርሳሉ።

የሚቆረጠው ዛፍም ይለያል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እርጥቡን መቁረጥና መፍለጥ፣ ከዚያ ማድረቅ ይሻላል፤ ደርቆ ከቆየ ይጠነክራል። ዝግባን፣ የሐበሻ ጥድን፣ ኮሶንና ዋንዛን ግን የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ ከልክሏቸው ነበር፤ እኔ ዛሬም ለማገዶ መዋላቸው ያሳዝነኛል። ጉሬዛ የሚንጠላጠልባቸው የሐይቅ ዳር ዋርካዎችም እንደዚሁ። የጉልበተኛ መጋዝ ባለቤት ከመቁረጡ በፊት የቀበሌውን ፈቃድና የደን ባለሙያ ይጠይቅ።

ሱቁ ውስጥ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ እዩ፤ ነዳጅ ሳይሰጠው ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ቀጥሎ የዚያ መጋዝ ካንዴላ፣ ፊልትሮና ሰንሰለት እዚሁ ሐዋሳ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መለዋወጫው አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ አንድ ደረጃ ያነሰውንና መለዋወጫው ቅርብ የሆነውን ውሰዱ፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ሦስት ሞረድና የጉብታ መለኪያ ግዙ።