ስለ አምሳያ ምድር ባቡር አሠራር

አምሳያ ማለት ትልቁን ነገር በትንሹ የሚያሳይ ሥራ ነው። እረኛ ልጅ የበሬን መልክ በጭቃ እንደሚሠራ፥ እንዲሁ ምድር ባቡርን ከነሐዲዱ፥ ከነድልድዩና ከነጣቢያው አሳንሰው በጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። ሥራው ላላወቀው ሰው ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቍጥርን፥ ትዕግሥትንና እውነትን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ መልካም ምሳሌ የሚሆነው ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው አሮጌው ምድር ባቡር ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲነገሩ፥ ዐፄ ምኒልክ ለመንገዱ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ይወጣ ነበር። ወደ ሐረር ግን አልወጣም፤ ተራራው ከልክሎታልና። ስለዚህ በተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ተቈረቈረች።

አምሳያውን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ልኩን ይቈርጣል። ብዙ ሠራተኞች የሚወዱት ልክ ማናቸውንም ነገር 87 ጊዜ ማሳነስ ነው። በዚህ ልክ ቁመቱ 174 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ፉርጎም 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በአሮጌው መንገድ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበርና፥ በአምሳያው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከመንገዱ የትኛው ክፍል ይሠራ የሚል ነው። መንገዱ ሁሉ በዚህ ልክ ቢሠራ ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር፥ የመጨረሻው ከፍታም ከ26 ሜትር በላይ ይሆን ነበር። ይህን የሚችል ቤት የለም። ሁሉን ልሥራ የሚል ሰው አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል። ስለዚህ አስተዋይ ሠራተኛ አንድ ስፍራ ብቻ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ባቡሩ በብረት ድልድይ የአዋሽን ገደል የሚሻገርበትን ስፍራ።

ገደል ያለበትን ስፍራ የመረጠ ሰው ጠረጴዛውን ሳይሠራ ገደሉን ያስባል። ሳንቃው ሁሉ በአንድ ደረጃ ከተመታ በኋላ ወንዙን ከሐዲዱ በታች ማውረድ ጭንቅ ነውና። ስለዚህ አናጢው በወንዙ ስፍራ ሳንቃውን ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ ሐዲዱ የሚያልፍበትን ግን በውኃ ልክ ያስተካክላል። ዳገትም ሲያስፈልግ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። በ1 ሜትር መንገድ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፥ ለ6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 2 ሜትር መንገድ ያስፈልጋል። ይህን አሳጥሮ ቶሎ ልውጣ ቢል ጐታቹ ባቡር መንኰራኵሩ በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ፉርጎዎቹን አይስብም። መታጠፊያውም እጅግ ከጠበበ ፉርጎው ከሐዲድ ይወጣል።

እውነተኛው ባቡር መጀመሪያ በእንፋሎት፥ በኋላም በናፍጣ ይሄድ ነበር፤ አምሳያው ግን ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ኃይል ይሄዳል። ኃይሉ በአንደኛው ሐዲድ መጥቶ በመንኰራኵሩ በኩል ወደ ትንሹ ሞተር ይገባል፤ በሁለተኛውም ሐዲድ ይመለሳል። የሚመጣበትና የሚመለስበት ሐዲድ ሲለዋወጥ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐዲዱ አቧራ ከያዘ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ባቡሩም ይቆማል። ስለዚህ ሐዲዱን ዘወትር መጥረግ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ምድሩ ይሠራል። የሽቦ መረብ እንደ ተራራ ተደርጎ ይታጠፋል፤ በሙጫ የራሰ ወረቀት ይለብሳል፤ በላዩም ጀሶ ይቀባል። ሲደርቅ እንደ አገሩ አፈር ይቀለማል። የተነፋ አሸዋ በሐዲዱ መካከል በሙጫ ይጣበቃል፤ ቀጫጭን ጭራሮ ግራር ይሆናል፤ የጣቢያው ቤትም ከካርቶን ይቈረጣል።

በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ይፈተናል። ጣቢያው እንዲያምርለት ከልኩ በላይ ሊያተልቀው ይወዳል፤ ተራራው ግን ሲያስቸግረው ሊያሳንሰው ያስባል። በእንፋሎት ዘመን ጣቢያ የናፍጣ ባቡር ሊያቆምም ይመኛል። በ2016 የተከፈተው አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር እንኳ የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነውና በአሮጌው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ይህን ሁሉ የቀላቀለ ሰው የሚያምር ዕቃ ይሠራ ይሆናል፤ አምሳያ ግን አልሠራም።

ይህም ነገር ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል በአሮጌው ሐዲድ ይመላለስ የነበረው ባቡር ዛሬ ቆሟል። አዲስ አበባ ላይ የጣቢያው ሰፈር ግን ዛሬም ለገሃር ይባላል፤ ይህ ስም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው። የባቡሩን ፉጨት ያልሰማ ልጅ አምሳያውን አይቶ እንዲህ ነበር ብሎ ያምናል። አምሳያው ቢዋሽ ልጁን የሚያርመው ማን ነው? ስለዚህ ደኅና ሠራተኛ ፎቶግራፍ ይመረምራል፤ በባቡሩ የሠሩትን ሽማግሌዎች ይጠይቃል፤ የሰማውንም በሜትር ይለካል።

ለወደደው ነገር ሰፊ ልክ፥ ላልወደደው ጠባብ ልክ የሚይዝ ሰው ሥራው አይገጥምለትም። አንድ ልክ ለሁሉ የያዘ ግን ሥራው ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ምስክር ይሆናል።