ሰባ ኩንታል በጠፍር፦ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተደረገው የመጎተት ጉዞ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ)



ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማ የተጓዘ ሰው የከባድ መኪና ሹፌሮችን ሥርዓት ሳያይ አይቀርም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዛሪማ ደግሞ ከእርስዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ተሳቢ የሚጎትት ሹፌር አፋፉ ላይ ይቆማል፤ ፍሬኑን ይፈትሻል፤ ገና መውረድ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባል። ረዳቱም ታኮውን ከእጁ አይለይም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በገደሉ ላይ ይህን መንገድ ሲቀይሱ የሞተር መኪናን አስበው ነበር። የዛሬው ንግግሬ ግን ከዚያ 70 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሞተርም ፍሬንም ሳይኖር፣ መንገድም ሳይኖር ስለተደረገ የመጎተት ጉዞ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው፤ የሠሩትም ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና የተላኩት፣ ቴዎፊል ቫልድማየርን የመሳሰሉ ባለ እጅ ሚሲዮናውያንና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ነበር። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ፣ በእኛ አነጋገር ሰባ ኩንታል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ የገቡት መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጉዞው አምስት ወር ተኩል ፈጀ ማለት ነው። በቀን ሲከፋፈል ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላባቸው ቀናት ብዙ እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው እንደ ጀግንነት ምሳሌ፣ አለዚያም እንደ ከንቱ ልፋት ምሳሌ ነው። እኔ በዚህ ንግግር እንደ አንድ የጉዞ እቅድ ልመረምረው እወዳለሁ። ጀግንነቱን ለመካድ ሳይሆን፣ እቅዱ የት ላይ እንደተሳካና የት ላይ እንደከሸፈ ለመለየት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ አይደሉምና።

ከጭነቱ እንጀምር። የጭነት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ «ስንት ይመዝናል?» የሚለው አይደለም፤ «ይከፋፈላልን?» የሚለው ነው። ሰባት መቶ ኩንታል ጤፍ በበቅሎና በአህያ ተከፋፍሎ በፍየል መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ሰባ ኩንታል ነሐስ ግን አንድ አካል ስለሆነ መንገዱን የሚወስነው እርሱ ራሱ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ይህን ልዩነት በሚገባ ተጠቅሞበታል። ቀላል የተራራ መድፎቹ ተፈታተው በበቅሎ ይጫኑ ነበር፤ ከባዶቹን አርምስትሮንግ መድፎች ደግሞ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ተሸከሙ። የዝሆኖቹ ቁጥር 44 ነበር። ዝሆን ለሚያልፍበት መንገድ የሚደረገው ጥርጊያ ሰባት ቶን ጋሪ ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። ጋሪው ራሱ 10 ኩንታል ይመዝን ብለን እንገምት፤ በድምሩ 8,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ባልተደለደለ አፈር ላይ የእንጨት መንኮራኩር የሚያጋጥመው ተቃውሞ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው እንበል። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ 20 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ዳገቱ ብቻውን አንድ አምስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ ጋሪውን ወደፊት ለማንቀሳቀስ 2,400 ኪሎ የሚያህል የመጎተት ኀይል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ቢጎትት 120 ሰው ይፈለጋል። ዳገቱ በየመቶው 30 ሜትር ከሆነ 160 ሰው። ይህም ሁሉም እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ ነው። 3,000 ሜትር በሚጠጋው የዋድላ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነውና የሰው ትንፋሽም ቶሎ ያልቃል፤ ዛሬም ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ከኀይሉ ሲሶ ገደማ ያጣል። ተለዋጭ ጎታች መያዝ የግድ ነበር። በዘመኑ የተጻፉ ማስታወሻዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱ እንደነበር የሚናገሩት ለማጋነን እንዳልሆነ ስሌቱ ያሳያል።

ከዳገቱ ይልቅ ግን የሚያስቸግረው ጥምዝ ነው። 120 ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰልፈው በፊተኛውና በኋለኛው መካከል አንድ ተኩል ሜትር ቢኖር ሰልፉ 45 ሜትር ይረዝማል። ጋሪው ጥምዙ ላይ ሲደርስ ከፊት ያሉት ሰዎች ጥምዙን ዞረው ሌላ አቅጣጫ ይዘዋል፤ ጠፍራቸው ጋሪውን ወደ ገደሉ እንጂ ወደ መንገዱ አይስበውም። ስለዚህ መንገዱ በጥምዙ ላይ ሰፊና ደልዳላ መሆን አለበት፤ አለዚያ በጥቂት ሰው ክንድ በክንድ ማዞር ይጠይቃል። ረጅም ተሳቢ የያዘ ሹፌር ሊማሊሞ ላይ ጥምዙን በአንድ ጊዜ መጨረስ ሲያቅተው ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያስተካክለው በዚሁ ጂኦሜትሪ ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱስ? በዚያው በየመቶው 30 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት የመንኮራኩሩ ተቃውሞ ሲቀነስ 1,600 ኪሎ የሚያህል ኀይል ጋሪውን ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን የሚይዙት ከኋላ ጠፍር የያዙ ሰዎችና ከመንኮራኩሩ ሥር የሚገቡ ድንጋዮች ብቻ ናቸው። አንድ ጠፍር ከተበጠሰ የሌሎቹ ድርሻ ወዲያው ይጨምራል። ከጋይንትና ከጨጨሆ አልፎ፣ በዘቢጥና በቤተ ሖር በኩል የመጣው መንገድ ሁለት ታላላቅ ሸለቆዎችን ያቋርጣል። የመጀመሪያው ዋድላን ከደላንታ የሚለየው ጂዳ ነው፤ ሁለተኛው ደላንታን ከመቅደላ የሚለየው በሽሎ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት አላቸው። መውረድ ብቻ አይደለም፤ ከወረዱ በኋላ ያንኑ ያህል መውጣት አለ፤ ሁለት ጊዜ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ላይ ያደረጉት ነገር በእኔ ግምት የዘመኑ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። በገደሉ ላይ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ አስቆረጡ፤ በሥራውም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ እንደተካፈሉ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ሥራው ምን ያህል የተሳካ እንደነበረ ከሁሉ በላይ የመሰከሩት ጠላቶቻቸው ናቸው። የናፒየር ጦር ጂዳን የተሻገረው ንጉሠ ነገሥቱ በሠሩት በዚያው መንገድ ነው፤ የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ክሌመንትስ ማርካምም ሥራውን በአድናቆት ጠቅሶታል። ጥሩ መንገድ ባለቤቱን መርጦ አያሳልፍም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ለራሳቸው መድፍ የከፈቱት በር ለናፒየር ዝሆኖች ክፍት ሆኖ ቆየ።

የመነሻው ጊዜም በጥሩ ሁኔታ ተመርጧል። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃው ይደርቃል፤ ወንዞቹ ይጎድላሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ እህል ይታጨዳል። ከበልግ ዝናብ በፊት ለመድረስም ጊዜ ይኖራል።

እንግዲህ እቅዱ የከሸፈው የት ላይ ነው? ሰው የሚበላውን በማግኘት ላይ ነው። እንደገና በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ እህል ቢበላ አምስት ሺህ ሰው በቀን ሠላሳ ሰባት ኩንታል ተኩል ይበላል። በየሁለት ቀኑ አንድ ሴባስቶፖል ይበላል ማለት ነው! ለአምስት ወር ተኩል ከ6,000 ኩንታል በላይ ይሆናል። ሠራዊቱና ተከታዩ ደግሞ ከአምስት ሺህ ይበልጥ እንደነበር አያጠራጥርም። ቶሎ የሚያልፍ ጦር ከአንድ መንደር አንድ ቀን ይበላል፤ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጦር ግን በዚያው መንደር ዙሪያ ሳምንት ይሰፍራል። ዝግታው ራሱ ረኀብን ይወልዳል፤ ረኀቡም ዘረፋን፣ ዘረፋውም መክዳትን።

ናፒየር በተቃራኒው በሰናፌ፣ በአዲግራትና በእንጣሎ ስንቅ እያከማቸ፣ ከገበሬው ለሚወስደው እህልና ገለባ በማርያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ መጣ። ከዙላ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሠራዊቱ ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ያህል ጊዜ አልፈጀበትም። ብሩን የከፈለው ከቸርነት አይደለም፤ ስንቅ ሳይገዛ እንደማይደርስ ስለሚያውቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በዚያ ጊዜ የሚከፍሉት ብር ቀርቶ የሚያምናቸው ገበሬ አልነበራቸውም። የካቲት 1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ተስፋ ያደረገባቸው ሕዝብ፣ በ1859 ዓ.ም. የጎንደር ከተማና አብያተ ክርስቲያናትዋ ሲዘረፉና ሲቃጠሉ አይቷል። ጎንደር ላይ ቆሞ ይህን ሳያነሡ ስለ ሴባስቶፖል ማውራት ለእኔ አይመቸኝም። የጠፍሩን አንድ ጫፍ የያዙት ስማቸው ያልተጻፈ ወታደሮች ናቸው፤ የጉዞውን ዋጋ የከፈለው ደግሞ ጎተራው የተራገፈበት የበጌምድር ገበሬ ነው።

ሌላም አለ። ደብረ ታቦር ከተቃጠለች በኋላ መመለሻ አልነበረም። በምድረ በዳም ሆነ በደጋ የሚጓዝ ማንኛውም ጉዞ «እዚህ ቦታ ላይ ካልተሳካ እመለሳለሁ» የሚባልበት ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ሹፌሩም ነዳጁንና ውኃውን የሚያሰላው በዚያ ነጥብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያንን ነጥብ ሆን ብለው ሰረዙት። ምኒልክ በሸዋ፣ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ ኀይላቸውን ባጠናከሩበት በዚያ ወቅት ምርጫ ነበራቸው ወይ ብትሉኝ፣ ጠባብ ነበር እላለሁ።

መድፉ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬ ሲወድቁ፣ ያ ሁሉ የተለፋለት ሴባስቶፖል የውጊያውን ውጤት አልለወጠም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን በእጃቸው አጠፉ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት ቅጂው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ግን በየትኛው ተረተር ላይ እንደታጠፈ፣ ዳገቱ በየመቶው ስንት እንደነበረ እግር በእግር ተከትሎ መለካት የሚቻል ሥራ ነው፤ ከጂዳ ቢጀመር ይሻላል፤ የበሽሎው ዳገት ቆላው ስለሚያቃጥል ከጥቅምት በፊትና ከጥር በኋላ አልመክርም። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።