«አልበራ አለ»፣ «አልነሣ አለ»፣ «አልከፈት አለ»፤ በቤት ኮምፒዩተር ጥገና ላይ ስለሚያገለግሉ ቃላት

ኮምፒዩተር በጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይገኝ በነበረበት ዘመን ስለ ብልሽቱ የሚነጋገሩት ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሚነጋገሩትም ይበልጡን በእንግሊዝኛ ቃላት ነበር። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም እንኳ መሣሪያው ገና ከየቤቱ አልገባም። ዛሬ ግን በወልድያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ በመርሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምትሰጠው ሴት፣ በሐብሩ ገጠር ያለው መምህር ሁሉ ኮምፒዩተር ይዘዋል። መሣሪያው ሲበላሽ ወደ ጠጋኙ የሚወስዱት ከአንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው፤ ያም ዐረፍተ ነገር ለጠጋኙ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ቃሉ ከተዛባ ያልተበላሸው ክፍል ይፈታል፤ የከፋም ሲሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሟች ወላጅ ፎቶግራፍ እስከ ወዲያኛው ይጠፋል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ለይቶ መመርመር የስያሜ ሥራ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የሚያጋጥሙን ሦስት ግሦች ናቸው፤ በራ፣ ተነሣ፣ ተከፈተ። ሦስቱም ዘወትር በእምቢታ መልክ ይነገራሉ። «አልበራ አለ»፣ «አልነሣ አለ»፣ «አልከፈት አለ» ስንል መሣሪያውን እንደ እልኸኛ በቅሎ እናየዋለን። ይህ የቋንቋችን ጠባይ ነውና አይነቀፍም። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሦስቱን እያቀያየረ መናገሩ ነው፤ እያንዳንዳቸው የሚያመለክቱት ደረጃ ለየብቻ ነውና።

«አልበራ አለ» ማለት የሚገባው መብራት ሳይታይበት፣ ማራገቢያውም ሳይዞር ሲቀር ነው። እንዲህ ሲሆን ፍለጋው ከግድግዳው ይጀመራል፤ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ፣ ገመዱ በየተራ በሌላ ይሞከራሉ። ቀጥሎ የኀይል መስጫው (በተለምዶ ፓወር ሳፕላይ የሚባለው) ይፈተሻል። ይህ ክፍል ከመስመር የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። ከመስመር ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኀይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ባለቤቱ ሣጥኑን ሊከፍተው አይገባም፤ በሌላ መተካት ይሻላል። እዚህ ላይ «ተቃጠለ» የሚለውን ቃል ማስታወስ ያስፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪ አምፖሉም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒዩተሩም መሥራት ሲያቆም «ተቃጠለ» ይላል፤ እሳትም ጢስም ባይኖር። ጠጋኙ ግን የተቃጠለ ነገር ሸትቶ እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋልና «ሸተተኝ» ወይም «አልሸተተኝም» ብሎ መጨመር ይጠቅማል።

«አልነሣ አለ» ከመኪና የተወሰደ ነው። ሞተሩ ኀይል አለው፣ መብራቱም ይበራል፣ ግን አይነሣም። ኮምፒዩተርም ሲበራ ወዲያውኑ ሥራ አይጀምርም፤ በእናት ሰሌዳው ላይ ያለው አነስተኛ ፕሮግራም መጀመሪያ የራሱን ክፍሎች ይመረምራል፣ ቀጥሎ ዲስኩን ይፈልጋል፣ ከዚያ ስርዓተ ክወናውን ከዲስክ ወደ ራም ያነሣል። እንግሊዝኛው ይህን «ቡት» የሚለው ሰው የጫማውን ማንገቻ ይዞ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል ከሚል የቀልድ አነጋገር አውጥቶ ነው። አማርኛ ጫማውን መዋስ አያስፈልገውም፤ «ማስነሣት» በቂ ነው፤ ድጋሚው «ዳግም ማስነሣት» ይሁን። በዚህ ደረጃ የሚቆም መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ጲጵ እያለ ይጮኻል፤ የጩኸቱ ቍጥርና ርዝመት የተበላሸውን ክፍል ያመለክታል፤ ትርጕሙ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ «ይጮኻል» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ ቈጥሮ መናገር ነው።

«አልከፈት አለ» ደግሞ መሣሪያው ተነሥቶ የአምራቹን ምልክት ካሳየ በኋላ ዊንዶውስ ወይም ሌላ ስርዓት ሳይገባ ሲቀር የሚስማማ ነው። የዚህ ዐይነቱ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ወይም ከዲስኩ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ዲስኩ እየጻፈ የነበረው ነገር በግማሽ ይቀራል፤ ስርዓቱም በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ፋይል አጥቶ ይደናበራል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ነገሩ ከፕሮግራም አልፏልና ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል። አጥፍቶ፣ ዲስኩን አውጥቶ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ገጥሞ የሚተርፈውን መቅዳት ይቀድማል።

በሥራ ላይ እያለ ለሚደርሰው መሰናክል ቃላችን ገና አልረጋም። «ሀንግ አደረገ» እና «ስታክ አደረገ» በሰፊው ይሰማሉ። «ፈዘዘ» የሚለው ለዐይን የሚማርክ ቃል ነው፤ ሥዕሉ እንዳለ ቀርቶ የማይንቀሳቀስ መስኮት በእውነት የፈዘዘ ሰው ይመስላል። ነገር ግን ብርሃኑ የደከመ መስኮትም «ፈዘዘ» ስለሚባል ሁለት ብልሽት በአንድ ቃል ይገናኛሉ፤ በዚህ ምክንያት «ቀጥ አለ» የሚለውን እንመርጣለን። በድንገት ለሚጠፋው ደግሞ «በራሱ ጊዜ ይጠፋል» ማለት ይገባል። «ራሱን ያጠፋል» የሚለው ለሰው የሚነገር ከባድ ነገር ነው፤ «ጠፋብኝ» ብቻ ከተባለም ሰሚው ተሰረቀ ብሎ ሊረዳው ይችላል።

በራሱ ጊዜ ለሚጠፋ መሣሪያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በሚገኘው በመርሳ አየሩ ከወልድያ ይሞቃል፤ አቧራውም ቀላል አይደለም። አቧራው በማራገቢያውና በሙቀት ማብረጃው ብረት መካከል እንደ ጥጥ ሲጠቀጠቅ አየር አያልፍም፤ ዋናው አስሊ ክፍልም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንዳይነድ ሲል ሥራውን ያቋርጣል። አቧራው ሲራገፍና በብረቱ ሥር የደረቀው የሙቀት ቅባት ሲታደስ ብዙውን ጊዜ ይድናል።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ቃል ደርሰናል፤ እርሱም «ማጽዳት» ነው። ደንበኛው «ጽዳ ያስፈልገዋል፣ አጽዳልኝ» ይላል። በልቡ አቧራውን ያስብ ይሆናል፤ ቫይረሱንም ያስብ ይሆናል። ጠጋኙ ግን «ማጽዳት» ሲባል ዲስኩን ደምስሶ ስርዓቱን እንደ አዲስ መጫን (በተለምዶ ፎርማት ማድረግ) አድርጎ ሊረዳው ይችላል፤ ለእርሱ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነውና። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የጠፋው ግን የደንበኛው የአምስት ዓመት ሥራ ነው። ስለዚህ ሦስቱን በሦስት ቃል መለየት ግድ ይላል፤ አቧራ ማራገፍ፣ ቫይረስ ማስወገድ፣ ዲስክ መደምሰስ። «መደምሰስ» አስፈሪ ቃል ነው ይባል ይሆናል፤ የመረጥነውም ስለሚያስፈራ ነው። ይህ ስሕተት ደርሶ ከሆነ ደንበኛው መሣሪያውን መጠቀም ያቁም፤ በባለ ሽክርክሪቱ አሮጌ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት የተደመሰሰው በከፊል ሊመለስ ይችላል፤ በዘመናዊው ኤስ ኤስ ዲ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

የክፍሎቹም ስም እንዲሁ ይደበላለቃል። ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» የሚል ሰው «ሲፒዩው ተበላሽቷል» ሲል የሚያመለክተው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሲፒዩ በሣጥኑ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ አስሊ ክፍል ነውና ሣጥኑን «ኬዝ» ማለቱ ይሻላል። «ሚሞሪ» ደግሞ በስልክ ምክንያት የማከማቻ ካርድ ስም ሆኗል፤ «ሚሞሪው ሞላ» ማለት ቦታ አጣ ማለት ነው። መሣሪያውን እንዳይነሣ የሚያደርገው ግን ሌላው፣ ራም ነው። የራሙ ጥርሶች ዝገት ወይም ቅባት ሲይዙ ነቅሎ በእርሳስ ላጲስ በቀስታ አሽቶ መመለስ ዝነኛ የጠጋኞች ዘዴ ነው፤ መብራቱ ከተነቀለ በኋላ ከሆነ ዘዴው ትክክል ነው።

ስለ «ባትሪ» አንድ ነገር እንጨምር፤ ቃሉ በአማርኛ የእጅ መብራትም ነውና። በእናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ መሣሪያው ሲጠፋ ሰዓቱን ትጠብቃለች። ጦርነቱ ወልድያን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባጠቃበት ጊዜ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ያለ መብራት ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ መሣሪያ ደግሞ ይህችን ባትሪ ፈጥኖ ይጨርሳል። ምልክቱ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መመለሱ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በዚህ ምክንያት ቁልፍ ካልተጫኑለት አልነሣም ይላል። ባለቤቱም ትልቅ ብልሽት ይመስለዋል፤ ፈውሱ ግን አንዲት ርካሽ ባትሪ ናት።

በመጨረሻ «ፋይሉ ተበላሸ» የሚለውን እንመልከት። ስርዓቱ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ባለቤቱ የቀድሞ የአማርኛ ጽሑፉን ሲከፍት ትርጕም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይጠብቁታል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ባገለገሉት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈው የአማርኛውን መልክ የሚያገኘው ከፊደል ቅርጹ ብቻ ነበር። ቅርጹ ከድምሰሳው ጋር ሲጠፋ ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር «ፊደሉ ጠፋ» ነው፤ ጠጋኙም ይህን ከሰማ የቀድሞውን ፊደል መልሶ ይጭናል እንጂ ፋይሉን አይጥለውም።