ትርፍ ክፍልን ለእንግዳ ማከራየት፦ በቢቸናና በሞጣ ያለ አከራይና ተከራይ ሊያውቀው የሚገባ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ መሽቶበት የሚያድር ሰው አይጠፋም። ነጋዴ አለ፣ ለሥራ የሚመጣ ሠራተኛ አለ፣ ለኒካህ ወይም ለለቅሶ የሚመጣ ዘመድ አለ። አካባቢው ጎብኚም ይስባል። ጥንታዊዎቹ የዲማ ጊዮርጊስና የመርጡለ ማርያም ገዳማት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛሉ፤ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ጎብኚው ቢቀንስም፣ ኢንሻአላህ ሰላም ሲሰፍን ትርፍ ክፍል ያለው ሁሉ ለእንግዳ ማከራየትን ማሰቡ አይቀርም። ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? ከወዲሁ ቢታወቅ ይጠቅማል።

ሦስቱን እንለያቸው

አንደኛው፣ እንግዳን ያለ ክፍያ ማሳደር ነው። ለመውሊድ የመጣን ሰው ወይም የሩቅ ዘመድን ቤቱ ያሳደረ ሰው አከራይ አይባልም፤ የንግድ ፈቃድም ሆነ የኪራይ ግብር አይመለከተውም።

ሁለተኛው፣ ቤትን ለመኖሪያ ማከራየት ነው። ይህን የሚመለከተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀናት ውስጥም ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የቢቸናና የሞጣ ነዋሪ በከተማው የተወሰነውን ከአስተዳደሩ ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ሦስተኛው፣ ክፍልን በአዳር ማከራየት ነው። የሆቴል፣ የፔንሲዮንና የአልጋ ቤት አገልግሎት የዚህ አዋጅ ጉዳይ ሳይሆን የንግድ ሥራ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። በግብርም ቢሆን ይለያያሉ፤ የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ «ሐ» ይስተናገዳል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

አንድ አባወራ አንዱን ክፍል ለመምህር በወር 2,000 ብር አከራይቷል እንበል። ክፍሉን በአዳር በ300 ብር ቢሰጠው በወር ውስጥ በአሥር አዳር ብቻ 3,000 ብር ያገኛል። ስለዚህ መምህሩን ማስወጣት ያጓጓዋል። ይህን አንድ ሰው ቢያደርገው ብዙ አይጎዳም፤ ብዙዎች ሲያደርጉት ግን መምህሩ፣ ነርሷና ተፈናቅሎ የመጣው ቤተሰብ የሚከራዩት ክፍል ያጣሉ። ተከራዩ የሁለት ዓመት የጽሑፍ ውል ካለው ሕጉ ይከላከልለታል። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ግን ቢከራከርም ማስረጃ ያጥረዋል።

በዓለም ላይ ያሉ ከተሞችም የተቸገሩት በዚሁ ነው። እንደ ኤርቢኤንቢ ያሉ ድርጅቶች ማንኛውም ሰው ቤቱን በስልክ ለእንግዳ እንዲያከራይ ካስቻሉ ወዲህ የመኖሪያ ቤት እጥረቱ ተባብሷል በሚል ብዙ ከተሞች ደንብ አውጥተዋል። ኒውዮርክ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው በከተማው እንዲመዘገብና እንግዳው ባለበት ጊዜ እሱም በቤቱ እንዲኖር ታስገድዳለች፤ እንግዶቹም ከሁለት እንዳይበልጡ ወስናለች። ባርሴሎና ደግሞ ወደ 10,000 የሚጠጉ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት አስታውቃለች። ለእኛ ቅርብ የሆነችውን መካን ብንወስድ፣ ለሐጃጆች የሚከራይ ሕንፃ ስንት ሰው እንደሚይዝና ደኅንነቱ እንዴት እንደሆነ ተመርምሮ ፈቃድ ካላገኘ ሐጃጅ ማስተናገድ አይችልም።

ለእኛ ከተሞች ምን ይበጃል?

ቢቸናና ሞጣ የኒውዮርክን ደንብ መቅዳት አያስፈልጋቸውም። በእኛ እምነት አራት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ በአዳር የሚያከራይ ሰው በከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ አልጋ ቤቶች እንደሚያደርጉት የእንግዳውን መታወቂያ ይመዝግብ፤ ይህ ለእንግዳውም ለጎረቤትም ደኅንነት ነው። ሦስተኛ፣ ተከራይ ያለበት ቤት የውሉ ጊዜ ሳያልቅ ወደ አልጋ ቤት አይቀየር። አራተኛ፣ ማንም በሃይማኖቱ ወይም በብሔሩ ምክንያት ክፍል አይከልከል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። ታኅሣሥ 2012 መስጂዶች በተቃጠሉባት ሞጣ ይህ በደንብ ተጽፎ ቢቀመጥ ትርጉሙ ብዙ ነው፤ ሙስሊሙ አከራይም ቢሆን ክርስቲያኑን እንግዳ እኩል ማስተናገድ ይጠበቅበታል።

እስከዚያው ድረስ ደንብ መጠበቅ ሳያስፈልግ ዛሬ የሚሠራ ነገር አለ። በኢጃራ ፊቅህ የሚከራየው ነገር፣ ጊዜውና ዋጋው ለሁለቱም ወገን የታወቀ መሆን አለበት። ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የምታከራዩም የምትከራዩም ውላችሁን ጻፉ፤ ሁለት ምስክር አስፈርሙበት፤ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ። ክፍላችሁን በአዳር ለማከራየት ካሰባችሁ ተከራያችሁን ከማስወጣታችሁ በፊት ውላችሁ መቼ እንደሚያልቅ ተመልከቱ። አላህ ለአካባቢያችን ሰላሙን ይመልስልን።